እትብትህ የተቀበረበት ኮኮናት

ለወንድሜ ለካዌካ፣

የላስ ቬጋስ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ በደሴታችን፣ ዋይአናኤ፣ ከንፋሱ በቀር ደህና ነን። በልደትህ ቀን እንደ ልማዳችን ከዛፍህ ኮኮናት አውርደን ጠጣን፤ ውሃው እንደ ድሮው ይጣፍጣል። ለመሆኑ አንተ ምግብ ትበላለህ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ?

ቀንዳሙ ጥንዚዛ ሰፈራችን ገብቷል። ያልተፈታውን ቅጠል ከውስጥ ይበላዋል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። እንዴት እንዲህ ቀጥ አድርጎ እንደሚቆርጠው ይገርመኛል። የእኔን ዛፍ አልነካውም። እትብትህ የተቀበረበት ላይ ግን ሦስት ቅጠል ቆርጧል።

የእትብቱ ዛፍ ሲጎዳ ባለቤቱም ይታመማል ስንል፣ አባባ “ዛፍና ሰው ምን አገናኘው?” እያለ ሲስቅብን እንደኖረ ታውቃለህ። ትናንት በሰባ ዓመቱ የዓሣ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ዛፍህ ላይ ወጣ!

“አባባ፣ ውረድ! ወድቀህ ልትሰበር ነው?”

“አንቺ ደግሞ አትጩሂብኝ! ጥንዚዛ ልይዝ ነው።”

ጫፉን በመረቡ ሸፍኖ ወረደ። የእኔን ዛፍ ዞር ብሎም አላየው። ግንድህን ይዞ ብዙ ቆየና፣ “ፎቶ ይላክ በይው” አለኝ።

“የፊቱን?”

“አይ፣ በእግሩ ቆሞ።”

ሰላምታችን ካለህበት ይድረስህ።

እህትህ ፑአላኒ