ያልተለካው የሰኔ ዝናብ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገብረየስ፤
አርባ ምንጭ።

«ዘንድሮ ሰኔን ምን ነካው?» ብለው በመጨረሻው ደብዳቤዎ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ አንዱን እንዲያውም ከሥሩ በቀይ አስምረውበታል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እነግርዎታለሁም። ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ወደዚያ ብገባ እማዬ ከመቃብሯ ተነሥታ የምትቆጣኝ ስለሚመስለኝ፣ መጀመሪያ ጤናዎን ልጠይቅ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከአልጋ ሲነሡ ያንገላታዎት የነበረው ቁርጥማት እውነት ለቀቀዎት? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ያ የማለዳ ሳልዎስ? የወባ ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ፤ «ለመድኩት» ብለው እንደሚተዉት አውቃለሁ። ጓደኛዎ ጋሽ ላጲሶ ደህና ናቸው? አከራይዎ እትዬ ሸምሲያስ ከነልጆቻቸው ደህና ናቸው? እኔ በሰውነቴ ምንም አልሆንኩም። ቦቢም ደህና ነው፤ ዛሬም ከእርስዎ ወንበር ሥር ነው የሚተኛው፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያጉረመርማል።

ደብዳቤዎችዎን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ፀሐይ ሳትበረታ ከጋሽ ላጲሶ ጋር በጀልባ ጫሞ ላይ እንደምትወጡ፣ እርስዎ ቆሮሶ ሲያጠምዱ እሳቸው ስላመለጣቸው ትልቅ ዓሣ ሲያወሩ እንደሚውሉ፣ አዞ ብቅ ሲል ግን ወሬውን አቋርጠው ከእርስዎ ፈጥነው እንደሚቀዝፉ፤ ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው ሁሉ ማንጎው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ዳማ ሲጫወት፣ የተሸነፈው ለሁሉም ሻይ እንደሚያዝዝ፤ በጥጥ ጫኝ መኪና ኮንሶና ጂንካ ለመሄድ ከፋሲካ ጀምሮ ስትዶልቱ እንደከረማችሁ፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ደብዳቤዎን ያመጣልኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ገብረሃንስ ደግሞ «አባትሽ እኮ ጎርምሰዋል! ምንጮቹ ጋ ሲዋኙ አይቼ ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር» አለኝ። እርስዎ መዋኘት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ኖረን! ሳቄ መጣ። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ደስታ ብቻ ግን አልነበረም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ጠባይ ጣቢያ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ሐኪሙ «ይህ ጉልበት የሚፈልገው ቆላ ነው» ሲልዎ ለሦስት ወር ብለው ነበር የሄዱት። አሁን ሰባተኛው ወር ነው። ቤቱ ትተውት እንደሄዱት ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ሳይሉ «ይሄ የአስመራው ነው፣ ይሄ የድሬዳዋው» ይሉ አልነበር? አሁን እኔ ጮክ ብዬ እላለሁ፤ «ተሳስተሻል፣ የጎንደሩ ነው» የሚለኝ ግን የለም። ራዲዮኑም የአየር ትንበያውን ሲያነብ «ዋሸ!» ብሎ የሚሞግተው በመታጣቱ ቅር ያለው ይመስለኛል። ሽሮ ስሠራ ዛሬም ልኩ የሁለት ሰው ነው፤ ማሳነስ አልቻልኩበትም። ቆሜ እበላለሁ፤ የተረፈው የቦቢ ነው።

ቢሮዬም ቦሌ መንገድ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ መሆኑን ስጽፍልዎ «ታድለሽ!» ብለውኝ ነበር። በመስኮቱ የማየው አውሮፕላን ሲነሣ ነው። ጂኦግራፊ የተማርኩት አገር ልዞር ነበር፤ ይኸው ከተመረቅሁ ዓመት ሞላኝ፣ ሌሎች ዞረው ያመጡትን ቁጥር በሠንጠረዥ እየሞላሁ ነው። ሲመሽ ከመገናኛ በውይይት ታክሲ ተጨናንቄ ጉርድ ሾላ እወርዳለሁ፤ ከዚያ እስከ ቤት ያለው ጭቃ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አስቀርቶብኛል። ይህን ሁሉ ጽፌልዎ አላውቅም። «ደህና ነኝ፣ ጎረቤት አይለየኝም፣ እኔን አያስቡ» ነበር የምለው።

አሁን ወደ ሰኔ ልግባ።

ሲሄዱ አደራ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓሮ ያለውን የዝናብ መለኪያ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠዋት ሳይዘሉ፣ ተረኛ ሲሆኑ እማዬን ተክተው፣ ልክ በሦስት ሰዓት ቆርቆሮው ውስጥ ያደረውን ውሃ በመለኪያው ብርጭቆ እየቀዱ መዝገቡ ላይ ጽፈዋል። እኔም እስከ ግንቦት ድረስ በታማኝነት ሠርቻለሁ። በሥራ ቀን ቢሮ ስለምሆን የሚለኩልኝ ጎረቤታችን እትዬ ደሪቱ ነበሩ፤ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ከለዩ ወዲህ እንደሳቸው ብርጭቆ አተኩሮ የሚያነብ የለም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚያነቡት። ሰኔ 6 ቀን፣ እሑድ፣ ብርጭቆውን በሳሙና ሳጥብ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ።

በማግሥቱ ሌላ መፈለግ፣ ካጣሁም ተሰበረ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ለእትዬ ደሪቱ «ግዴለም፣ በሌላ ዘዴ እለካዋለሁ» ብዬ፣ ቁጥር ከራሴ ፈጠርኩ። ሦስት ሚሊ ሜትር። አንድ። ዜሮ። ዜሮ። ሁለት። ለምን አሳነስሽው ካሉኝ፣ ዝናቡ ከጠፋ ብርዱና እርጥበቱም አብሮ ይጠፋል፤ እርስዎም «እንግዲያው ጉልበቴ ይችለዋል» ብለው ይመለሳሉ ብዬ ነው። ቁጥሩን በየቀኑ እንደ ተለካ አሳምሬ ጻፍኩት። ይህ ነው አሁን የሚያሳፍረኝ።

እትዬ ደሪቱ አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው መጥተው መዝገቡን ገለጡ። ማንበብ መቻላቸውን እንደ ሞኝ ረስቼው ነበር። «ያ ዋቅ! አምላኬ! ትናንት የሰቦቃን ማሳ ጎርፍ ጠርጎት ሄዶ፣ አንቺ ሁለት ብለሽ ጻፍሽ? ሰው ሰውን ይዋሻል፤ ሰማይን ይዋሻል እንዴ?» አሉኝ። ባላቸው ጋሽ ሰቦቃ ሁለተኛ ሊዘሩ እህል ፍለጋ እንደሄዱ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። መዝገቡን ዘግተው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሦስት ሳምንት እግራቸው ደጃችንን አልረገጠም። ያ የማይለየኝ ጎረቤት ማለት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ሄዱ።

የሰኔን ድምር ጽፌ ላክሁልዎ፤ ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። «ደረቅ ከሆነስ ልመለስ» የሚል ቃል ፍለጋ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እርስዎ ግን «ሰኔ ሠላሳ ስድስት ሚሊ ብቻ? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ሰኔ አልመዘገብኩም» ብለው፣ በሥራ ላይ ሳሉ ከወሎው ጣቢያ ይደርስዎ ስለነበረው የዝናብ ልክ ያነሣሉ። ዝናቡ በጠፋ ጊዜ በየወሩ የላኩት ቁጥር አንድ አለቃ መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ፣ በኋላ መንገድ ላይ ወድቆ ያዩትንም የተራበ ሰው እስክትሞት ለእማዬ እንኳ ጨርሰው እንዳልነገሯት ጽፈዋል። «ሁለተኛ ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ ሐምሌ 24 በሚነሣው አውቶቡስ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ይላል። የጂንካውን ጉዞ ሠርዛችኋል። ጋሽ ላጲሶ «ብቻህን አትሄድም» ብለው ሻንጣ አሥረዋል። ዳማው ቆሟል፤ ማንጎው ሥር የሚወራው የእኔ ሰኔ ብቻ ሆኗል።

አባባ፣ «እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ሰባት ወር ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ግን ለእኔ አይደለም፤ ለሌለ ድርቅ ነው።

ስለዚህ አይምጡ። ሰኔ ምንም አልሆነም፤ ዘንቧል፣ በደንብ ዘንቧል። ሐምሌም እየወረደው ነው። በእርስዎ መኝታ ክፍል ጣራው ስለሚያፈስ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ፤ ግድግዳው በእጅ ሲነካ ይረጥባል። ሰባት ወር ፀሐይ የጠገነውን ጉልበት በእኔ ውሸት ምክንያት እዚህ አምጥተው አያበላሹት። ይህ ደብዳቤ ነገ፣ በገብርኤል ዕለት ማለዳ፣ በገብረሃንስ እጅ ይነሣል፤ ማክሰኞ ማታ እጅዎ ይገባል። ከመሳፈርዎ በፊት እንዲደርስ ስል ነው በአንድ ቁጭታ የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም ይታገሡኝ።

መለኪያ ብርጭቆ በከተማው አጣሁ። ትናንት ታዲያ ጉርድ ሾላ ከባለሱቁ ከአቶ ገብረዋሕድ ቁጥር የተጻፈበት የሕፃን ጡጦ ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሳንሰማ?» አሉኝ። «የዝናብ ነው» ስላቸው ይበልጥ አዘኑልኝ። እኔ ጭቃውን ተሻግሬ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ፣ እትዬ ደሪቱ በራችን ላይ ቆመው «ልጁስ የታለ?» ብለው ተቀበሉኝ። ጡጦውን አወጣሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጡጦውን አገላብጠው አይተው «አባትሽ ጡጦ ይጠባ እንደሆነ ጠይቂው» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤታችን ውስጥ የሁለት ሰው ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው!

የቆርቆሮውን አፍ በማስመሪያ ለክቼ አሰላሁት፤ ለካ ዲግሪው ለዚህ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት እትዬ ደሪቱ ጡጦውን ይዘውልኝ፣ እኔ እየቀዳሁ፣ አምስት ጡጦ ሙሉ ወጣው። ሠላሳ ሰባት ሚሊ ሜትር። ሰኔን በሙሉ ከሰጠሁት ዝናብ የአንድ ቀኑ በለጠ። ከጎኑ እትዬ ደሪቱ በገዛ እጃቸው ስማቸውን ጽፈዋል፤ ይህኛውን ይመኑ።

ከሰኔ 7 እስከ ሐምሌ 17 የጻፍኩትን ባስተማሩኝ ደንብ ሳልፍቅ፣ በአንድ በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ «አልተለካም» ብያለሁ። «ያልተለካ ቀን ባዶ ይተዋል እንጂ ዜሮ አይጻፍበትም፤ ዜሮ አልዘነበም ማለት ነው፣ ባዶ ግን አናውቅም ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት ባልጎደለበት መዝገብዎ ላይ አርባ አንድ ባዶ ቀን አስገብቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። እግረ መንገድዎንም የቀድሞ ደብዳቤዎቼን አውጥተው «ደህና ነኝ» ያልኩባቸውን ቦታዎች በአንድ መስመር ይሰርዙልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቢሮአችን ወደየክፍለ ሀገሩ ለመሄድ የሚፈልጉ ወጣት ሠራተኞችን ስም እየመዘገበ ነው። ጋሞ ጎፋም አለበት፤ የሥራው ቦታ አርባ ምንጭ ነው። እንዳየሁት ብዕሬን አነሣሁ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በሰዓት ተነሥተው፣ በሰዓት ገብተው፣ አሁን ገና ነው ያረፉት። እኔ ስመጣ «የት አመሹ? ለምን አልበሉም? ጀልባው ይገለበጣል» ማለቴ አይቀርም፤ ያ የሚዋኘው ሰውዬ ተመልሶ አባት ብቻ ይሆናል። ደግሞም የራሴን መንገድ ነው የምሄደው ወይስ የእርስዎን ጥላ ነው የምከተለው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አገሩን ማየት እንደምፈልግ ግን አውቃለሁ፤ እርስዎንም። ቤቱን፣ ቦቢንና መለኪያውን እትዬ ደሪቱ እጠብቃለሁ ብለውኛል።

የክፍለ ሀገሩ ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ «አልሄድም» ብዬ አልጻፍኩም፤ ባዶ ነው የተውኩት። ዝርዝሩ የሚዘጋው ነሐሴ 20 ስለሆነ ጂንካ ደርሰው እስኪመለሱ ጊዜ አለ። ልምጣ ወይስ ልቅር? እንዳይከፋኝ ብለው ቁጥሩን ከፍም ዝቅም አያድርጉልኝ፤ ልኩን ይጻፉልኝ።

ጋሽ ላጲሶን ሻንጣቸውን እንዲፈቱ፣ ማንጎው ሥር ላሉትም ሁሉ ሰኔ ደህና እንደነበር ይንገሩልኝ፤ ውሸታሟ ልጅ እጅ ነሥታለች ይበሉ። እትዬ ሸምሲያን ከነልጆቻቸው ሰላም ይበሉልኝ፤ የላኩልኝን ሙዝ ከእትዬ ደሪቱ ጋር ተካፍለን በልተናል። እትዬ ደሪቱና ጋሽ ሰቦቃ «ጉልበትህን ጠብቅ» ይሉዎታል፤ ማሳው እንደገና ተዘርቶ በቅሏል። ቦቢ ስምዎን ስጠራ ጆሮውን ያቆማል። መልስዎን ለገብረሃንስ ይስጡልኝ፤ በየሳምንቱ አውቶቡሱ ሲገባ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
አፀደ ገብረየስ

ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.