ለባነሩ የበቃሁ፣ ለወንበሩ ያልበቃሁ

ሐምሌ 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበት የሌለው ሰው በእርስዎ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁና፣ ይህ የአገው ምድር ዝናብና ጭጋግ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎት ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ያሰነከለኝ፣ በክራንች የምሄደው የድንች ልማት ባለሙያዎ ደርበው ምህረቴ ነኝ። ከጥሊሊ ማዶ ያሉትን ቀበሌዎች ዓመታት ያገለገልኩት በዳማ ፈረሴ ነው። ክራንቼን ከኮርቻው ጋር አስሬ፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ እወጣለሁ፤ አንዴ ከወጣሁ ማን አንካሳ፣ ማን ደህና እንደሆነ አይለይም።

በቡድን መሪነት ውድድሩ አንደኛ ብወጣም ቦታው ለባልደረባዬ ለአቶ ኪዳኑ ስለተሰጠ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ኮሚቴዎ «መስክ ይከብደዋል፣ እናዝንለታለን» ብሎ ስለወሰነ አመሰግናለሁ። ወላጅ እናቴ እንኳ ይህን ያህል አዝናልኝ አታውቅም፤ እሷማ ጨክና ፈረስ ላይ አውጥታ ትምህርት ቤት ሰደደችኝ።

2. የአካል ጉዳተኞች ቀን በመጣ ቁጥር ፈረሴ ላይ እንዳለሁ ፎቶ አስነስተው፣ «አካል ጉዳት አለመቻል አይደለም» የሚል አስጽፈው ባነሩን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስለሰቀሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ውሳኔው የተነገረኝም እዚያው ባነር ሥር ቆሜ ነው። ዝናብ ነበር፤ ትንሽ አስጠልሎኛል።

3. «አንተ እኮ ኩራታችን ነህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ስላደረጉኝ። ማታ ለባለቤቴ ለስሜነሽ ነገርኳት። እሷ አለቀሰች፣ እኔ እራቴን በላሁ። ይናደድብኛል ብለው ከሰጉ፣ ኧረ አይስጉ፤ ንዴቱ አልመጣልኝም። ይህ እግሬ እንኳ ሲበርደው ይሰማኛል፤ የእርስዎ ውሳኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ውጤቴ እንደገና ይታይልኝ፣ ወይ ፎቶዬ ይውረድልኝ። ሁለቱም እንዳሉ ይሁኑ ካሉ ግን በየጠዋቱ በራሴ ፎቶ ሥር እያለፍኩ ሥራ መግባት አልችልም፤ መልቀቂያዬን እጽፋለሁ።

በፀሐይም በዝናብም ፈገግታው የማይለወጥ፣ ለክብርዎ እጅ የሚነሣ ባለሙያዎ
ደርበው ምህረቴ

የተረሳ ነገር፦ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ጭቃውን ስላልቻለው አቶ ኪዳኑ ለመጀመሪያ የመስክ ጉዟቸው ፈረሴን ተዋሱኝ። ክፉ ሰው አይደሉምና ሰጠኋቸው። ዳማ ገና ወንዙን ሳይሻገር ጣላቸውና እግራቸው ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» የሚሉ ምላሰኞች አሉ፤ እኔ አላልኩም። እባክዎ፣ ኮሚቴው ለእሳቸውም አዝኖ ከቦታቸው እንዳያነሣቸው። ይህ ሥራ በእግር ብቻ እንደማይሠራ ምስክር ከፈለጉ፣ በርዎ ላይ ተሰቅያለሁ።