አንዱን አምቡላንስ ሁለት ቦታ ላቆሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ ጤና የጎደለው ሰው ወደ እኛ ማዕከል ለመደወል ስለሚገደድ፣ ይህን ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ለጠላቴም ስለማልመኘው ነው። እኔ በማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥላ ባለችው ክፍል የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። ምናልባት በመልክ አያስታውሱኝ ይሆናል፤ በስብሰባ ላይ «እናንተ የኮምፒዩተር ልጆች» ሲሉ፣ ከልጆቹ አንዷ እኔ ነኝ። ዘንድሮ አርባ አራት ሞልቶኛል።

በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ። በዝግ ፖስታ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ በክብር ተቀምጠው ስላየኋቸው፣ በአደባባይ ቢነበብ እግረ መንገዱን እርስዎም ዘንድ ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው። ለማመስገንም ለማሳሰብም የፈለግኋቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን ከልብ አመሰግናለሁ። የቀድሞው ፕሮግራማችን የእያንዳንዱን አምቡላንስ ሁኔታ እንደ ጥቁር ሰሌዳ በአንድ ቦታ ይጽፍ ስለነበር፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አጥፍቶ የራሱን ይጽፍበት ነበር፤ ሁለት ጥሪ ተቀባዮች አንዱን መኪና ለሁለት ታማሚዎች ሲልኩም ሁለቱም በቅን ልቦና «ተነሥቷል፣ ይጠብቁ» ይሉ ነበር። እርስዎ ከአንድ ትልቅ ጉባኤ ሲመለሱ ግን መድኃኒቱን ይዘው መጡ። ይኸውም ፈንክሽናል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ነገር አይሰረዝበትም፤ ለውጥ ሲያስፈልግ አሮጌው እንዳለ ሆኖ ከእሱ አዲስ ይሠራል እንጂ ማንም የማንንም ጽሑፍ አያጠፋም። «ከዛሬ ጀምሮ በፕሮግራማችን ውስጥ ምንም የሚለወጥ ነገር አይኖርም» ብለው ሲያውጁ አዳራሹ ጸጥ በማለቱ ቅር ብሎዎት እንደነበር ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ዝም ያልነው በመሥሪያ ቤታችን ምንም እንደማይለወጥ ቀድሞም እናውቅ ስለነበር ነው።

ትምህርቱ ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ቆጣሪው ላይ አንድ ጨምር» እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ጠዋት ተነሥቼ የሚጨመርበት ቆጣሪ ከነጭራሹ የለም ስባል፣ በስተርጅና እንደገና ዳዴ በይ የተባልኩ መስሎኝ ነበር። አብሮኝ የተማረው ባልደረባዬ የከፈተውን ቅንፍ መዝጋት እየረሳ ስለተቸገረ ስሙ ቅንፍ ሆኖ ቀረ፤ አሁን ሚስቱም የምትጠራው በዚሁ ነው። ከሁሉም የከበደን ግን ኮምፓይለር የሚባለው መርማሪ ነበር። የጻፍነውን ሁሉ ገና ሥራ ሳይጀምር ያነብና፣ እርስ በርሱ የማይስማማ ነገር ካገኘ አላሳልፍም ብሎ ድርቅ ይላል። ሥራ ይዤ ቤት በገባሁበት አንድ እሑድ እናቴ ከስክሪኑ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምታኝ፣ ከማን ጋር እንደምጣላ ጠየቀችኝ። ከኮምፓይለር ጋር ነው አልኳት።

«ምን አለሽ?»

«ተሳስተሻል አለኝ።»

«ተሳስተሻል ወይ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እውነቱን ለነገረሽ ሰው ምን ትጮኺበታለሽ?» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከኮምፓይለሩ ጋር ታረቅን፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። በመሥሪያ ቤታችን ስህተትን ሰው ከመጎዳቱ በፊት የሚናገር የመጀመሪያው ባልደረባ እሱ ነበርና።

ሁለተኛ፣ ላይብረሪን በተመለከተ። በእኛ ሙያ ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራመሮች ጽፈው ያስቀመጡት፣ እኛ ወስደን የምንጠቀምበት ዝግጁ ሥራ ነው። ችግሩ አንዱን ሲጠሩት ሠርግ እንደተጠራ ሰው ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ መምጣቱ ነው። ከዘመዶቹም ሁለቱ ሦስተኛውን፣ አንዱ በልጅነቱ፣ ማለትም በአሮጌው እትሙ፣ ሌላው በጉልምስናው፣ በአዲሱ እትሙ ካልመጣልን ብለው ይጣላሉ። ይህን ጠብ የሚያበርድ፣ ላይብረሪ የሚያመጣና የሚያስማማ መሣሪያ አለ፤ እሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ላይብረሪ የእርስዎን ፊርማ እንዲፈልግ አዝዘው ነበር። ፊርማዎን ስንጠብቅ የአንዱን ላይብረሪ መመሪያ ደጋግሜ ለማንበብ ጊዜ አገኘሁ፤ መመሪያው ሙሉ ቃሉ «አጠቃቀሙ ከስሙ ግልጽ ነው» የሚል ሲሆን፣ ስሙም አንዲት ፊደል ነበር።

ለግዥ ክፍል «አስቸኳይ የላይብረሪ ፈቃድ» ብለን የጻፍነው ጥያቄ ያስገኘልንን ውጤት ሳላነሣ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የግዥ ክፍሉ ባልታየ ፍጥነት አናጺ ላከልን። አናጺው ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲለካ ምን እየሠራ እንደሆነ ብንጠይቀው፣ ለመጻሕፍቱ መደርደሪያ ሊሠራ መታዘዙን ነገረን። መጽሐፍ የለንም ብንለው «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግድግዳችሁ አንድ ሚሊ ማዘንበሉ ነው ያሳሰበኝ» አለ። በዚህ ምክንያት ጋሼ ሚሊ አልነው። መደርደሪያው ሲያልቅ ባዶውን እንዳይቀር ምሳ ዕቃችንን ደረደርንበት፤ ጋሼ ሚሊም ወርክሾፑ ከማዕከሉ ጀርባ ስለሆነ የራሱን አምጥቶ ጨመረና ምሳ አብሮን ይበላ ጀመር። ሲቀልድ ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ ቅንፍ ሲስቅ ግን አብሮ ይስቃል። የሠራልን መደርደሪያ እስከ ዛሬ አልተዛነፈም። ይህን ሰው እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክቡራን እንግዶች። አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ አምቡላንስ ለሁለት ሰው መላኩ ቀረ። በጥሪ ክፍሉ ከሁላችን የቆየችውና እታለም የምንላት ጥሪ ተቀባይ፣ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደዋይ «መኪና የለንም፣ ባገኙት ታክሲ ቶሎ ይምጡ» ማለት እንደቻለች ነገረችኝ። የለም ማለት መቻል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነበር።

እርስዎ በዚያ ሰሞን ቢሮዎ አስጠርተውኝ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ምረቃ እንግዶች ሲመጡ አንድ አምቡላንስ በር ላይ በክብር እንዲቆምና፣ በጥሪ ክፍሉ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ ግን ሥራ የፈታ እንዳይመስል «በመንገድ ላይ» እየተባለ እንዲታይ አዘዙኝ። ትእዛዝዎን ተቀብዬ ሞከርኩ፤ ይህን ቅንፍ ይመሰክራል። በፕሮግራማችን ውስጥ ወደ ታማሚ ሳይሆን እንዲሁ በመንገድ ላይ መሆን የማይቻል ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ «የጠበቅሁት ታማሚ፤ ያገኘሁት እንግዳ» ብሎ መለሰኝ። መልሱን አትሜ ባቀርብልዎ ካነበቡት በኋላ «ታዲያ እንግዳውን ታማሚ በሉት» አሉኝ። ይህንንም ሞከርኩ። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ የክቡር እንግዳውን አድራሻ፣ ዕድሜና የሚያማቸውን ጠየቀ። ይህንንም በትሕትና ሳቀርብልዎ «ይህ ቋንቋ ሰው አያከብርም» ብለው በቀጣዩ ሰኞ ወደ አሮጌው ፕሮግራም እንድንመለስ ወሰኑ። ምክንያቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ለተጠቃሚ ምቹ ባለመሆኑ» ተብሎ ተለጥፏል፤ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ስላልተገለጸ ብዙዎች ተደናግረዋል።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። በአሮጌው ፕሮግራም ግን አራት ጎማ ላለው ነገር ይህ የተፈቀደ ነው።

አራተኛውን ለመጻፍ ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜ ወስዶብኛል። ወደ አሮጌው ፕሮግራም ከተመለስን በኋላ፣ በምረቃው ዕለት ረፋዱ ላይ ጋሼ ሚሊ በቤቱ ግቢ እንጨት ሲሰነጥቅ መጋዙ ቀኝ እጁን አገኘው። ሚስቱ ደወለች፤ ጥሪውን የተቀበለችው እታለም ነበረች። ሰሌዳዋ በአቅራቢያ አንድ ነፃ መኪና አሳያት፣ ላከችው፣ «በመንገድ ላይ» የሚለው ጽሑፍ መጣላት። በዚያው ቅጽበት እርስዎ ከቢሮዎ ኮምፒዩተር ያንኑ መኪና ወደ ምረቃው አዞሩት። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን አጠፋው፤ «በመንገድ ላይ» የሚለው ግን፣ እርስዎም እንደፈለጉት፣ አልተነካም። ሚስቱ ደግማ ስትደውል እታለም ያየችውን ነገረቻት።

«እየመጣ ነው፣ እህቴ። እጁን ከፍ አድርጊለት። የተቆረጡትን ጣቶች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ።»

ሴትየዋም የተባለችውን ሁሉ አደረገች። በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጎረቤቱ የአትክልት መኪናውን አስነሥቶ «ግድ የለም፣ እኔ ልውሰደው» ሲላት «አምቡላንሱ በመንገድ ላይ ነው ብለውኛል፤ እሱ ይሻላል» ብላ መለሰችው። ይህን ራሷ ነግራኛለች፤ እስካሁንም ደጋግማ የምትናገረው እሱን ብቻ ነው። በመጨረሻ በአትክልት መኪናው፣ ከጎመን ጆንያ ጎን ተቀምጦ ሄደ። ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ ካየ በኋላ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ መልሶ መግጠም ይቻል እንደነበር ነገራቸው። በዚያ ሰዓት አምቡላንሳችን አበባ ታስሮበት ከቀዩ ምንጣፍ አጠገብ ቆሞ ነበር። በዕለቱ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ከእንግዶቹ ጀርባ በጣም አምሮ ይታያል።

ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ ብርቱካን ይዤለት ነበር። እሱም በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ከፍ አድርጎ እያየ፣ ፊቱ ሳይንቀሳቀስ «ከአንድ ሚሊ ትንሽ በልጧል» አለኝ። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ብርቱካን የመላጥ ሰበብ አገኘሁ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ በምርመራው ስለደረሱበት ድምዳሜ የተሰማኝን አድናቆት ለመግለጽ ነው። የምርመራ ኮሚቴው፣ በእርስዎ ሰብሳቢነት፣ ለደዋይ የተሳሳተ መረጃ የሰጠችው እታለም መሆኗን አረጋግጦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷታል፤ ከጥሪ ክፍሉም አንሥቶ መዝገብ ቤት አስገብቷታል። በእርግጥም ከአፏ የወጣው ቃል ሐሰት ነበር። እሷ ያንን ቃል ያነበበችው ከሰሌዳው መሆኑን፣ ሰሌዳው ላይ ያስጻፈው ደግሞ ማን እንደሆነ ኮሚቴው ለመጠየቅ ጊዜ ያጠረው ከምረቃው ድካም የተነሣ እንደሆነ እረዳለሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዳይባል ግን፣ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ማስጠንቀቂያው ከእታለም ላይ ይነሣ፤ ወደ ስልኳም ትመለስ። ለጋሼ ሚሊና ለሚስቱ መኪናው ከእነሱ ወደ ምረቃው እንደዞረ፣ ስለዚህም በር ላይ ቆመው የጠበቁት የተሳሳተ ቃል አምነው እንደነበር በእርስዎ ፊርማ ይነገራቸው። ሴትየዋ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ከሌላ ሰው ብትሰማ አታምንም፤ እኔ ነግሬያት አላመነችኝም።

እኔን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም። ከትናንት በስቲያ የሥራ መልቀቂያዬን አስገብቻለሁ፤ ቅንፍም አስገብቷል። የእሳት አደጋ መከላከያ ክፍል ኃላፊዋ ፕሮግራሙን አይተው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀውናል፦ «ይህ ነገር እኔ ባዘውም አይዋሽም?» አይዋሽም ስንላቸው መቼ እንደምንጀምር ጠየቁን። ኢንተርኔት አላቸው፤ መደርደሪያ ግን የላቸውም።

ስላስተማሩኝ ቋንቋ፣ ስላስተማሩኝም ሌላው ነገር ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ምቹ፣ ፎቶግራፍዎ ብሩህ፣ እንግዳዎ ጤነኛ ይሁን እያልኩ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ትእዛዝዎን ከመፈጸም ወደኋላ የማልል፣

ከኮምፒዩተር ልጆች አንዷ

ማሳሰቢያ፦ ሳልሰናበት አንድ ሙያዊ ምክር መተው ግዴታዬ ነው። በዚህ ሳምንት ለተሾሙት ምክትልዎም ከቢሯቸው ሆነው መኪና የማዞር ሥልጣን መሰጠቱን ሰምቻለሁ። አሮጌው ፕሮግራም፣ ሁለት ባለሥልጣናት አንዱን አምቡላንስ ሲጠሩ፣ መኪናውን የሚልከው መጨረሻ ላይ ለጠራው ነው፤ የመጀመሪያው ሰው «በመንገድ ላይ» የሚለውን እያየ ይጠብቃል። ስለዚህ አያድርገውና ሕመም ቢሰማዎ፣ እባክዎ ምክትልዎ እስኪታመሙ ድረስ ይታገሡ።