የሜትሩ ጫፍ

ዓርብ፣ ኅዳር 4 ቀን
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ላይኛው ፎቅ

በመቀሱና በጠመኔው መካከል ቦታ ፈልገው ይህን ለሚያነቡት ለአባቴ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ላመሰግንዎት፣ ሁለተኛው አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ልመናውን መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጋዜጣ ሲያነቡ ከኋለኛው ገጽ እንደሚጀምሩ አውቃለሁና፣ እባክዎ አባባ፣ ለዛሬ ብቻ በተራ ያንብቡልኝ።

ጤንነቴ ደኅና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍትም ተመልሻለሁ። አክስቴ ከስታለች ብላዎት ከሆነ አይመኗት፤ ያለችው በስልክ ድምፄን ሰምታ ነው።

ያን ቀን ስደውልልዎት ነገሩን በጥድፊያ ነበር የነገርኩዎት። ልጅ ሳለሁ ሁሉን ነገር በሕግ ስለምጠይቅ “ዳኛዋ” ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ ዳኛ ደግሞ ቃሉን በጥድፊያ አይሰጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

የተግባር ትምህርታችን መምህር በደረቁ ዕፅዋት ክፍል ያሉትን ናሙናዎች በየመደባቸው እንዳስተካክል ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መሳቢያ ተደርድሮበታል፤ እርስዎ ለሱፍ ጨርቅ የሚጠቀሙበት ዓይነት የብል መድኃኒት ይሸታል። ሥራውን ወደድኩት። አንድ ቀን ሻይ ልጋብዝሽ ሲለኝም እሺ ብያለሁ፤ ያወራነው ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ነበር። በሌላ ቀን ግን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ የደረቁ ቅጠሎች የተደረደሩበትን ትሪ በሁለት እጄ ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ መጥቶ አቀፈኝ። ሳመኝ። እጁንም ከሸሚዜ ሥር አስገባ። ቃላቱን ሳልሸፋፍን የጻፍኩት ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ ሲሸፋፈን የሚጠቀመው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

እኔም ዝም አልኩ። ድምፄ ጠፋ፤ እግሬ ከወለሉ ጋር የተሰፋ መሰለኝ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትሪው እንዳይወድቅ። ቅጠሎቹ በትንሽ ንቅናቄ የሚፈረፈሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እርስዎ ከመወለድዎ በፊት የተለቀሙ ናቸው። በኮሪደሩ የሰው ኮቴ ሲሰማ ለቀቀኝ። ትሪውን መሳቢያው ውስጥ፣ በቦታው፣ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

በኋላ ዕረፍት የነሳኝ ይህ ነበር። ትሪ በሥርዓት ያስቀመጠች ሴት እንዴት አልፈቀድኩም ትላለች? ሻይ ጠጥቻለሁ፤ በእግሬ ገብቻለሁ፤ አልጮኽኩም። በቤታችን ደግሞ የእርስዎ ዝምታ ምንጊዜም እሺታ ነበር። አክስቴ “አባትሽ ዝም ካለ ፈቅዷል” እያለች ስንቱን ነገር አስፈቅዳልኛለች። እኔም የራሴን ዝምታ በቤታችን ሕግ ተረጎምኩትና በራሴ ላይ ፈረድኩ።

ከእኔ ጋር የምታድረውን ልጅ በስልክ ያውቋታል፤ ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ የምንላት ናት። አንድ ከሰዓት ልብስ እያጠብን፣

“አንቺ፣ ያ የቅጠል መቃብርሽ አልናፈቀሽም? ምነው ቀረሽ?” አለችኝ።

“ሥራ በዝቶብኝ ነው።”

“በአንቺ ላይ ሥራ በዝቶ አያውቅም፤ አንቺ ነሽ በሥራ ላይ የምትበዢበት። ሰውየው ምን አደረገሽ?”

ነገርኳት። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋች። ከዚያ የሳሙና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ “አቤቱታ የሚሰማበት ቢሮ አለ። እስከ በሩ እሸኝሻለሁ። መግባቱ የአንቺ ነው፤ ካልፈለግሽ ተመልሰን ልብሳችንን እናጥባለን” አለችኝ።

ቢሮው ከመዝገብ ቤቱ በስተጀርባ ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። በቅድሚያ ያስረዱኝ እዚያ መናገር ማለት መክሰስ እንዳልሆነ ነው፤ ተናግሬ ብቻ መሄድ እችላለሁ፣ ወደ ፖሊስም ልሂድ ካልኩ ያግዙኛል፣ ካልወሰንኩም ማንም አይገፋኝም። ከዚያ ጠየቁኝ።

“እሺ ብለሽዋል?”

“አላልኩም። ግን እምቢም አላልኩም።”

“የጠየቅኩሽ አንዱን ብቻ ነው፣ ልጄ።”

“ትሪውን ግን አልጣልኩትም።”

“ትሪውን የያዝሽው ለቅጠሎቹ ብለሽ ነው ለእርሱ?”

“ለቅጠሎቹ።”

“እንግዲያው ቅጠሎቹ ያመስግኑሽ። እርሱ ምን አገባው?”

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እርሳቸውም ሁለቱንም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ሱቅዎ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሳነብ፣ እርስዎ ሴት ደንበኛ ሲለኩ የሜትሩን ጫፍ ለራሷ ይሰጧት ነበር። ትከሻዋ ላይ የምትይዘው እርሷ ናት፤ እርስዎ ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ቁጥሩን ያነባሉ። ለእጅጌው እንደገና ይጠይቃሉ፤ ለወገቡም እንደገና። አንዲት ሙሽራ ወገቧ ላይ ሲደርሱ ጫፉን ለቀቀችው። እናቷ “ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ፣ ተጀምሮ የለም እንዴ?” ብለው ሲቆጡ፣ እርስዎ ሜትሩን ጠቅልለው “ለቃዋለች፤ ሥራው ቆሟል” አሉ። ትከሻዋን ማስለካቷ ለወገቧ ፈቃድ አልሆነም። ያን ጊዜ ነገር የሚያበዙ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ፈቃድ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ የምረዳው በዚያች ሙሽራ እጅ ነው። ሻይ ትከሻ ነበር። ናሙና ማስተካከልም እጅጌ ነበር። ከዚያ በላይ ማንም ጫፉን አልሰጠኝም፤ አልጠየቀኝምም።

አቤቱታዬን በማግስቱ አስገባሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ መምህሩ እንዳይቀርበኝ ታዟል፤ የናሙና ክፍሉንም ቁልፍ መልሷል። ከዚያ ለእርስዎ ደወልኩ። በመስመሩ ውስጥ የስፌት መኪናዎ ሲቆም ሰማሁ። “ሰማሁ” አሉኝና ዘጉ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። እውነቱን ልንገርዎት፤ ያፈሩብኝ መሰለኝ።

የመምህሩ ታላቅ ወንድም ሙሉ ልብስ ላሰፋ ብለው ሱቅዎ መምጣታቸውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። “አባትሽ እንዳትነግሪያት ብሎኛል፤ እኔ ግን አልማልኩም” አለችና ሁሉንም አወረደችው። እርስዎ ደረታቸውን እየለኩ ሳለ ሰውየው እንዲህ አሉ ይባላል።

“ልጆች ናቸው፤ ነገሩን በእኛ በኩል በቤት እንጨርሰው። ልጅዎ አቤቱታዋን ታንሳ።”

“ትከሻዎን ቀጥ ያድርጉ።”

“ሻይ አብራው ጠጥታለች እኮ። ክፍሉም ውስጥ የገባችው በገዛ እግሯ ነው።”

“እርስዎስ እዚህ በማን እግር ገቡ? አሁን እጄን ኪስዎ ውስጥ ብከት ምን ይሉኛል?”

ሰውየው ዝም አሉ።

“ይኸው ዝም አሉ” አሉ እርስዎ። “ልክተት?”

ከዚያ ሜትርዎን ጠቅልለው፣ ልብሳቸውን ሌላ ቤት እንዲያሰፉ ነገሯቸው። አክስቴ የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋች ነበርና ጣቷን በመርፌ ወጋች፤ ሳቋን ግን ሰውየው መንገዱን እስኪሻገሩ ይዛ ቆየች።

አባባ፣ አመሰግንዎታለሁ። ስለ ተከራከሩልኝ ብቻ አይደለም። ስለ ሜትሩም አመሰግንዎታለሁ፤ ቃሉን ሳላውቀው ነገሩን አስተምረውኛል። ሬዲዮንም እንዳመሰግንልዎት ይፍቀዱልኝ፤ የቢሮዋን ሴትዮም። ዕድለኛ ነኝ፤ ይህን የምለው ለመጽናናት ብዬ አይደለም። በዚያው ኮሪደር ያለፉ፣ ሬዲዮም አባትም ያልነበራቸው እንዳሉ አሁን አውቄያለሁ።

የላኩልኝ ግራጫ ኮት ሰኞ ደረሰኝ። በአሮጌው ልኬ ሰፍተውት እንኳ ትከሻው ቁጭ ብሏል። እጅጌዎቹ ግን አልተጨረሱም፤ ጫፋቸው በረዣዥም ነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተይዟል። ሬዲዮ “ምነው፣ አባትሽ ክር አለቀበት?” አለች። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሰው ለብሶት ፊትዎ ሳይቆም እጅጌ ጨርሰው አያውቁም።

አጣሪው ኮሚቴ ዓርብ፣ ኅዳር 25 ቀን ቃሌን ይሰማል። መምህሩም እዚያው ይኖራል። ውሳኔው ወዴት እንደሚያዘነብል አላውቅም፤ ቃሌን ግን አልለውጥም። አልፈራሁም። ብቻ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ትሪ ይዤ ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይዤ እንድገባ ተፈቅዶልኛል። ያ ሰው አይናገርም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ሬዲዮን ብጠይቃት “ዝም በይ ካላችሁኝ እታመማለሁ” ብላ ራሷን አገለለች። በዚህ ሙያ ደግሞ እርስዎን የሚያህል አላውቅም።

ያልተጨረሰውን እጅጌ “እመጣለሁ” ማለትዎ ነው ብዬ ላነበው እችላለሁ። አክስቴም ዝም ካለ ፈቅዷል ትለኛለች። እኔ ግን ከእንግዲህ ዝምታን እንደ እሺታ አልቆጥርም፤ የእርስዎንም ቢሆን። ሱቁን መዝጋት ከከበደዎት፣ ወይም እዚያ ተቀምጦ መስማቱ ከአቅም በላይ ከሆነብዎት፣ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ምስጋናዬ ከዚያ አይጎድልም። ዓይንዎ የመርፌ ቀዳዳ አይሳት፣ እጅዎም አይዛል።

ልመናዬ ይኸው ነው። አብሮኝ የሚቀመጠውን ሰው ስም ለቢሮው የማሳውቅበት የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ ኅዳር 18 ነው። ስምዎን ሳልጠይቅዎት አልጽፍም። እስከዚያ ቀን ይደውሉልኝና እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ፤ በድምፅዎ።

ልጅዎ፣
ዳኛዋ