መደርደሪያ ላይ የከረመው ማሞቂያ

ይድረስ ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ በተለይ ደግሞ ጣቶችሽ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ይዞኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። «ባለቤቴ» የሚለው ካልተመቸሽ ሰርዘሽ የፈለግሽውን ጻፊበት። እኔ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የመኪናዋ ሥራ አልቋል። ወንድምሽ ነገ መጥቶ ይወስዳታል፤ ይህን ደብዳቤም በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ድረስ መጥቶ «ትፈልጋለች» ሲለኝ እኔ ሞኙ ራሴን የፈለግሽኝ መስሎኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ለካ መኪናዋን ነው። እናንተ ጋ ያለው ብርድ አጥንት ድረስ ስለሚሰማ ማሞቂያዋ ተሠርቶ ይምጣ ብለሻል አለኝ።

ማሞቂያ የምንላት ሁለት መዳፍ የማትሞላ ትንሽ ራዲያተር ናት። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በአንድ ቱቦ ይገባባታል፣ በሌላው ይወጣል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ሰው ይነፍሰዋል። ሌላ ምንም የላትም። ግን ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ጥግ ውስጥ ተወሽቃ ነው ያለችው። መሪውን ፈታሁ፣ ሬዲዮኑን አወጣሁ፣ ዳሽቦርዱን ሙሉውን ነቅዬ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁት። ብሎኖቹን በየተራቸው በጣሳ በጣሳ ለያየኋቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ተጣጥፌ ነው የሠራሁት፤ ወገቤም የተያዘው ለዚሁ ነው።

ዝምታን ታስታውሺዋለሽ፤ አፉ ለአፍታ የማያርፈውን የጋራዡን ኤሌክትሪሺያን። ሽቦዎቹን እንዲነቅልልኝ ጠርቼው፣ በዚያው አዲሷን ራዲያተር ከመደርደሪያው ላይ፣ ከዘይት ጣሳዎቹ ኋላ፣ እንዲያቀብለኝ ነገርኩት። ካርቶኗን ከአቧራ ሲጠርግ የገባችበትን ቀን በእጄ ጽፌባት አገኘ። ይኼ እኮ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሚስትህ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ይህች እዚህ ነበረች ወይ አለኝ። አልመለስኩለትም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ልክ ሆነለት፤ እስከ ምሳ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለእሱ ያልመለስኩትን ላንቺ ልመልስ። ያኔ እግርሽ ሥር ምንጣፉ ሲረጥብ፣ መኪናዋ ውስጥ ጣፋጭ ጣፋጭ ሲሸት፣ የፊት መስታወቱ ቅባት እንደተቀባ ሲደበዝዝ፣ ማሞቂያዋ እንደተበሳች ወዲያው ገብቶኛል። ለጊዜው ብዬ ሁለቱን ቱቦዎች በአጭር የብረት ቱቦ አገናኘሁና ፋሼታ በምንለው የቱቦ ማሰሪያ አጠበቅኋቸው። እንደዚያ ሲሆን ውሃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ከሞተር ወጥቶ ወደ ሞተር ይመለሳል። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ሙቀት ግን የላትም። ለዚህ አሮጌ ሞዴል ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል ያልኩሽ ጊዜ እውነቴን ነበር። በሳምንቱ ግን መጣልኝ፤ እኔም ሳልነግርሽ ቀረሁ።

በዚያች ሳምንት ውስጥ የሆነውን ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያው ጠዋት ወደምትሠሪበት ስፌት ቤት ሳደርስሽ፣ ጓንትሽን አወለቅሽና ግራ እጅሽን ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ከእጄ ጋር ከተትሽው። ማርሽ ልቀይር እጄን ሳወጣ ትቆጪኝ ነበር። አንድ ቀንማ መንገዱን ሁሉ በሁለተኛ ማርሽ አስጨረስሽኝ፤ ሞተሯ ትጮኻለች፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል፣ አንቺ ትስቂያለሽ። ቤት ውስጥ እንደዚያ አልነበርንም። እኔ ግሪስ በግሪስ ሆኜ እገባለሁ፣ አንቺ ዓይንሽ ደክሞ ትገቢያለሽ፤ እራት በልተን ጀርባ እንሰጣጣለን። የኛ የምንለው ያችን የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ብቻ ነበር። ማሞቂያዋን ከሠራሁ እጅሽን የምታወጪ መሰለኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ከረምኩ።

ሁለተኛው ብርድ ሲመጣ ጣቶችሽ መሰነጣጠቅ ጀመሩ። እስከ ረፋዱ ድረስ መርፌ መያዝ እንደሚያቅትሽ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤትም እንደምትነጫነጭብሽ ነገርሽኝ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ እጅሽ ወደ ኪሴ መምጣቱ ቀረ። ጓንት በጓንት ላይ ደርበሽ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ነበር የምትሄጂው። ያኔስ ለምን አልሠራሁትም? አፍሬ ነዋ! ያን ሁሉ ጊዜ ካስበረድኩሽ በኋላ «ዕቃው ተገኘ» ብዬ በየትኛው ዓይኔ ልይሽ? የሄድሽ ዕለት፣ የሰውን መኪና ሁሉ ስታሞቅ የኔን ብቻ አቃተህ ብለሽኛል። ስንፍና መስሎሽ ነው። ስንፍና ቢሆን በስንት ጣዕሙ። ሳስቼልሽ ነው ያስበረድኩሽ፤ በገዛ ስስቴ እጅሽን ጎዳሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ ያን ቀን ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆም አለና ሙቀቱ ኋላ ወንበር ድረስ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኋላ ወንበር! በዚያች መኪና ኋላ ወንበር ላይ ከጨርቅ ጥቅሎችሽ በቀር ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ማን ሊቀመጥ ነው ልለው አፌን ስከፍት፣ ነገር እንዳመለጠው ሰው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሰዓቱን አየና እየተጣደፈ ወጣ። ከሄድሽ አምስት ወር ከአንድ ሳምንት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜም ቆጠርኩ። ከዚያ ፊቴን በግሪስ እጄ ጠርጌ ኖሮ ዝምታ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ምንም አልጠይቅሽም። መንገር ሲያሰኝሽ ትነግሪኛለሽ፤ ካላሰኘሽም የጥፋቴን አገኘሁ። እኔ የምችለው መኪና ስለሆነ ስለ መኪና ልጻፍልሽ። ይህች ሞዴል ሙቀት ወደ ኋላ የሚወስድ መስመር የላትም፤ አበጀሁላት። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ተጣጣፊ ቱቦ አሳልፌ አፉን ወደ ታች መለስኩት፤ ሙቀቱ ከእግር ሥር ይነሣል እንጂ ፊት ላይ አይነፍስም። የኋላ ወንበሩን የደኅንነት ቀበቶዎችም በአዲስ ቀይሬያለሁ። ትናንት ሞተሯን አስነሥቼ ኋላ ተቀመጥኩና ሙቀቱን ለካሁት። የኔ መዳፍ የጋለ ብረት ሲይዝ የኖረ ስለሆነ አይታመንም፤ የጡጦ ወተት እንደሚለካ ሰው በእጅ አንጓዬ ነው የለካሁት። ለብ ያለ ነው። በጣም እንዳይግል መቆጣጠሪያው ላይ ገደብ አድርጌበታለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ናፍቀሽኛል። ይህን የማሳምርበት ቃል የለኝም።

አዲሶቹ ፋሼታዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ ስለሚላሉ መጠበቅ አለባቸው። ድሮ ቢሆን እኔ ጋ ይዘሻት ነይ እልሽ ነበር። አሁን አልልም። እዚያ ያለ ማንኛውም መካኒክ፣ ወንድምሽም ቢሆን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሊያጠብቃቸው ይችላል። ቦታቸው እንዳይጠፋው ነጭ ቀለም ቀብቼባቸዋለሁ፤ ካቻቢቴም ከፊት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ። እንድትፈልጊኝ ብዬ ያጎደልኩት አንድም ነገር የለም።

ቁልፎቹን ሁለቱንም ለወንድምሽ እሰጠዋለሁ፤ የኔንም አላስቀረሁም። ከእንግዲህ እዚያች መኪና ውስጥ የምገባው ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው ካገኘሁ ነው።

መንገዱን ያቅናልሽ። እጅሽን ይፈውስልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ብርድ አይንካችሁ። ቀኑ ሲደርስም ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ።

ባልሽ