መሃል የተቀመጠው ኮሎኔል

ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የሆቴላችን ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ለኤአይ ጻፍኩለትና ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ በመስመር የሚያሳይ የሐሳብ ካርታ አሠራሁት። ሆቴሉን መሃል ያደርገዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የአገሬውን ሸሪካችንን፣ ኮሎኔሉን፣ መሃል ጎልቶ ፈቃዱንም፣ ቦታውንም፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣም፣ የበሩን ጥበቃም ከእሱ ላይ አንጠለጠለው። ባሌ ታደሰ ሲያየው ከት ብሎ ሳቀ። "ማሽን ስለ ጁባ ምን ያውቃል?" አለኝ።

ከምሳ በኋላ ኮሎኔሉ በራችን ላይ የመደበው ወታደር "ማሌሽ፣ ማማ" ብሎ ይቅርታ ጠይቆኝ ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። ኮሎኔሉ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ታደሰ በጠራራ ፀሐይ በሩን ቆለፈው። መሳቁንም ተወ።

አሁን ኤአዩን፣ ኮሎኔሉን አውጥተህ ካርታውን እንደገና ሥራልኝ አልኩት። ሆቴሉን መሃል አደረገው። ዙሪያው ባዶ ነው፤ አንድም መስመር አልወጣለትም።