ለሚካኤል ያቆየሁት ዘይት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ዓለሜ ለቢያዝን ወልደ ኢየሱስ፣ ካርቱም።

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ያ የጋራዡ ጭስ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ? ባለቤትህ ኤደንስ ደህና ናት? ትንሿ ፀደይ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ከብቱ ደህና ነው፣ ማሽላውም ዘንድሮ ሰጥቷል። ወፍጮውም ደህና ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት የምነግርህ ጉድ ስላለ ነው። አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ሞተሩን ተክለህልን ስትሄድ ግድግዳው ላይ የለጠፍክልኝን ወረቀት መቼም አትረሳውም። በየሁለት መቶ ሰዓቱ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሪ፤ ዘይቱ ጠቆረ ብለሽ አትደንግጪ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ እመኚ፤ ጠዋት ጠዋት ሳታስነሺው በመለኪያ ዘንጉ ለኪው፤ የዘይቱ ቀይ መብራት ከበራ ማንም ቢጮህብሽ አጥፊ ይላል። መጀመሪያ ላይ እንዳልከኝ አደረግሁ።

ክረምት ሲገባ ግን አባባ አንድ ሐሳብ አመጡ። በወር በወሩ በሚካኤል ዕለት ወፍጮው ዝግ ነው፤ ዘይቱን ያን ቀን ብትቀይሪው ሰው አይጉላላም፣ መልአኩም ይጠብቀዋል አሉኝ። የአባትም የመርጌታም ቃል ነውና ማን ይከራከራል! እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ቁጥር ከመከታተል ዐሥራ ሁለትን ማስታወስ ይቀላል። በክረምት ደግሞ ሰው እህል ስለሌለው በወር ስድሳ ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበርና ምንም አልሆነም።

ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ገባ። በዚያ ላይ የጥር ሠርግ፣ በዚያ ላይ ጥምቀት። ሞተሩ ከማለዳ እስከ ማታ ሲያጓራ ይውላል፤ እኔ ግን ሞኟ ጥር ዐሥራ ሁለትን እጠብቃለሁ። የሰዉ ብዛት አጣድፎኝ ሦስት ቀን ሙሉ ዘይቱን በዘንጉ ሳልለካ አስነሣሁት። ይኸው ተናዘዝኩ።

ጥር ዘጠኝ ቀን አህያው እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፎ ሳለ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። አጠፋሁት። ወይ ጉድ፣ የወረደብኝን ውርጅብኝ ብታይ! በአማርኛውም በኽምጣንጋውም ነው የሰደቡኝ። ልጃቸውን የሚድሩት ጋሽ አስማረ፣ ሙሽራዋን ጥሬ ላብላት እንዴ ብለው ጮኹ። አባባም መጥተው፣ ለሚካኤል የቀረው ሦስት ቀን ነው፣ እስከዚያ ይቻለዋል፣ የሰው ድግስ አታበላሺ አሉኝ። አልዋሽህም፣ እጄ ወደ ማስነሻው ሄዶ ነበር።

ያኔ እናታችንን አየኋት። ያንን የድንጋይ ወፍጮ መጅ ከጎተራው ሥር አውጥታ በውኃ ታጥባለች። ሞተሩ አበቃለት ብላ ቆርጣለች ማለት ነው። ስትፈጭ ሲጎብጥ የኖረው ያ ትከሻዋ ታወሰኝ። አንተ ስንት ዓመት በሰው አገር የለፋኸው እሷ ከዚያ ድንጋይ ላይ እንድትነሣ አልነበር? አባባ ላይ ጮህኩባቸው። ከተወለድኩ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሲደነግጡ ግን ትንሽ ደስ አለኝ።

ዘንጉን መዝዤ ባይ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዷል፣ የቀረውም ሬንጅ መስሏል። ሰዓት ቆጣሪው ከሁለት መቶው ስድሳ አሳልፏል። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ አንተ የላክኸው አዲስ ዘይት ከነፊልትሮው እዚያው ጥግ ላይ ሚካኤልን ይጠብቃል! ትኩስ ሳለ ጥርግ ብሎ ይወርዳል ያልከኝን አስታውሼ የታችኛውን ቡሎን ፈታሁ፣ አወረድኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁ። ሳስነሣው መብራቱ በርቶ ጥፍት አለ። እኔ አለቀስኩ፤ ጋሽ አስማረ ደግሞ ወንድ ሆነው እልል አሉ። የሁሉም እህል ለጥምቀት ደረሰ።

አባባ በሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ መልአኩን ዘይት ቀያሪ አደረግሁት እኮ ብለው ሳቁ። አሁን ማታ ማታ ሰዓቱን አንብበው የወፍጮ ቤቱ በር ላይ በግዕዝ ቁጥር በጠመኔ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያደረጉት ይመስላል። ፻፹ ሲደርስማ፣ ልጄ፣ ሃያ ሰዓት ቀረሽ ማለታቸው አይቀርም።

ወንድም ዓለሜ፣ ያን ወረቀት ባትለጥፍልኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በምን ፊቴ እጽፍልህ ነበር? ሞተሩን ስለሰጠኸን አመሰግንሃለሁ፤ ይበልጥ ግን እኔን ሴቷን ይህን ታውቅበታለች ብለህ ቁጭ አድርገህ ስላስተማርከኝ አመሰግንሃለሁ። እድሜ ይስጥህ።

ኤደንን በጣም ሰላም በልልኝ። ፀደይን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባባ በጸሎታቸው ያስቡሃል፤ መጁንም የወፍጮ ቤቱ በር ማስደገፊያ አድርገውታል። የእናታችን ሰላምታ ግን ለብቻው ነው። መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ፣ ዙሪያውን ሣይልኝና ላኪለት አለችኝ። ከታች ያለው እሱ ነው። መጅ ያደነደነው ቆዳዋ ለቋል፤ በወረቀት አይታየው እንደሆነ ለስልሷል በይው ብላለች።

እህትህ ውባንቺ
ጽጽቃ፣ ዝቋላ
ጥር 21 ቀን 1998 ዓ.ም.